ብየዳ እንደ እንጀራ ዓይን ሲያወጣ፦ ለቤት ሚግ ብየዳ ጋዝ መምረጥና ፍሰቱን ማስተካከል

አብዛኛውን ጊዜ የምጽፍላችሁ ስለ ኪቦርድ፣ ስለ ፎንትና ስለ አፕ ነው። ዛሬ ግን ከስክሪኑ ተነሥተን ወደ ጋራዥ እንግባ። ከእናንተ መካከል ሦስት ዲ ፕሪንተር ገዝታችሁ የጨረሳችሁ፣ አሁን ደግሞ ዓይናችሁን ብየዳ ማሽን ላይ የጣላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ጥያቄዎቻችሁ ይደርሱኛል። በብዛት የምትጠይቁኝ ስለ ቮልት ነው። እኔን ያስቸገረኝ ግን ጋዙ ነበር።

ባለፈው ጥር ለቤታችን የኋላ ደረጃ የብረት መደገፊያ ለመሥራት ተነሣሁ። ደረጃው አራት ብቻ ነው፤ ነገር ግን እናቴ በሚያዝያ ልትመጣ ነበር፣ ጉልበቷም እንደ ድሮው አይደለም። ሚግ ማሽን ከገዛሁ ያኔ አንድ ዓመት ሆኖኛል። እስከዚያ ድረስ የሠራሁት ሁሉ ቢሰበር ማንንም የማይጎዳ ነገር ነው፦ የመደርደሪያ እግር፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ ለአሮጌ ሰርቨሮቼ መስቀያ። ይሄኛው ግን ሰው ሙሉ ክብደቱን የሚጥልበት ነው።

የመጀመሪያውን መጋጠሚያ በይጄ ጭምብሉን ሳነሣ ብየዳው ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ አየሁ። እንጀራ ዓይን ሲያወጣ ያስመሰግናል፤ ብየዳ ዓይን ካወጣ ግን ጉድ ነው። «ጋዝ አንሶት ነው» አልኩና ፍሰቱን ከ25 ወደ 35 ኪዩቢክ ጫማ በሰዓት ከፍ አደረግኩት። ያው ነው። 45 አደረስኩት። ባሰበት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያች ሰዓት ግራይንደር መትቼ፣ አስተካክዬ ቀለም ልቀባው ዳር ደርሼ ነበር። ከላይ ሲታይ ማንም አያውቅም። ሁለት ቁራጭ ቱቦላሬ አንሥቼ በዚያው ሴቲንግ በየድኳቸውና ሞርሳ ላይ አጥብቄ በመዶሻ መታሁ። በሁለተኛው ምት ተገነጠለ። ውስጡ ስፖንጅ ይመስላል። የበየድኩትን መደገፊያ በሙሉ ቆርጬ ጣልኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ በኋላ የተማርኩት ነው።

ጋዙ ምን ይሠራል?

አገር ቤት በየሰፈሩ የምናውቀው ብየዳ በኤሌክትሮድ ነው። በር የሚሠራው ልጅ ኤሌክትሮዱን ብረቱ ላይ ጫር ሲያደርግ የሚወጣው ጭስ፣ በኋላም በመዶሻ የሚያራግፈው ቅርፊት ከኤሌክትሮዱ ልባስ የመጡ ናቸው። ልባሱ ሲቃጠል ጋዝና ቅርፊት እየፈጠረ የቀለጠውን ብረት ከአየር ይከልላል። ሚግ ላይ ግን ልባስ የለም። ከቶርቹ የሚወጣው ራቁቱን የሆነ ቀጭን ሽቦ ስለሆነ መከለያው በቱቦ ከሲሊንደር መምጣት አለበት። መከለያ ጋዝ የምንለው ይኸው ነው።

አየር ምን ያደርገዋል ካላችሁ፣ አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን፣ 21 በመቶው ኦክስጅን ነው። የቀለጠ ብረት ናይትሮጅንን ይጠጣል፤ ሲረጋ ግን ያን ያህል መያዝ ስለማይችል መልሶ ይተፋዋል፣ ልክ የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚወጣው አረፋ። ኦክስጅኑ ደግሞ ብረቱ ውስጥ ካለው ካርቦን ጋር ተገናኝቶ ሌላ ጋዝ ይፈጥራል። አረፋው ወጥቶ ሳያልቅ ብረቱ ስለሚረጋ ቀዳዳው እዚያው ታስሮ ይቀራል። ቤት ውስጥ በብዛት የምንጠቀምበት ኢአር70ኤስ-6 የሚባለው ሽቦ ሲሊከንና ማንጋኒዝ አለው፤ እነሱ ጥቂቱን ኦክስጅን ይዘው ብየዳው ላይ ቡናማ ብርጭቆ የሚመስል ነጠብጣብ አድርገው ያስቀሩታል። ናይትሮጅንን ግን አይችሉትም። ስለዚህ ሽቦው ጥሩ ስለሆነ ብቻ መከለያው ቢሳሳ ያድነኛል ማለት አይቻልም።

«ሚግ» ውስጥ ያለው «ግ» ጋዝ ነው፣ «ኢ» ደግሞ ከምንም ጋር የማይዋሐድ ማለት ነው። ዘዴው በ1948 አሜሪካ ውስጥ በባቴል ኢንስቲትዩት ሲጀመር ለአሉሚኒየም ታስቦ ስለነበር ስሙ ትክክል ነበር። በ1953 ካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠቀም ሲጀመር ነገሩ ተቀየረ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአርኩ ሙቀት ይበታተንና ከብረቱ ጋር ይነካካል። አውሮፓ ያላችሁ ማሽናችሁ ላይ «ማግ» የሚል ጽሑፍ የምታዩት ለዚህ ነው፤ «ሀ»ዋ የሚነካካ ጋዝ መሆኑን ነው የምትናገረው። አሜሪካ ያለን ግን ሁሉንም ሚግ እያልን ቀጥለናል።

የትኛውን ጋዝ?

ለተራ ብረት፣ ማለትም ለቱቦላሬ፣ ለላሜራና ለአንግል፣ አሜሪካ ውስጥ የተለመደው 75 በመቶ አርጎንና 25 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ድብልቅ ነው። አውሮፓ ውስጥ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ድርሻ ዝቅ ይላል፤ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 20 በመቶ ባለው መካከል ታገኙታላችሁ። ለቤት ሥራ ሁለቱም ጥሩ ናቸው፣ በዚህ ጉዳይ እንቅልፍ አትጡ።

ለምን ይደባለቃሉ? አርጎን ስሙ በግሪክኛ «ሰነፍ» ማለት ነው። ሬሊና ራምሴይ በ1894 ሲያገኙት ከምንም ነገር ጋር አልዋሐድ ስላለ ነው እንዲህ የተባለው። አርኩን ያረጋጋል፣ ፍንጣሪ ይቀንሳል። ብቻውን ተራ ብረት ላይ ሲሆን ግን ብየዳው ጎኑን ሳይዝ እንደ ገመድ ጉብ ብሎ ይቀመጣል፣ ጠርዙንም ይቦረቡራል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሙቀቱን ወደ ታችና ወደ ጎን ያደርሳል፤ ብየዳው ይሰፋል፣ ይጠልቃል። በአንጻሩ ፍንጣሪው ይበዛል። ድብልቁ የሁለቱ ስምምነት ነው።

ንጹሕ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ርካሽ ነው፣ ወፈር ላለ ብረትም ጥሩ ዘልቆ ይገባል። እንደ እኔ ባለ 3 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች ለሚሠራ ሰው ግን በፍንጣሪ የሚያጠፋው የግራይንደር ሰዓት ያተረፈውን ገንዘብ ይበላዋል። ከድብልቁ ወደ እሱ ከቀየራችሁ ቮልቱን በ1 ወይም በ2 ከፍ ማድረግ ይኖርባችኋል፤ አለበለዚያ ሽቦው ብረቱን እየገፋ ያንቀጠቅጣችኋል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የሲሊንደሩ ጥርስ ይለያያል፦ አርጎንና 75/25 ሲጂኤ-580፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጂኤ-320 ነው። ሬጉሌተራችሁ ላይገጥም ይችላል ማለት ነው።

አሉሚኒየም ንጹሕ አርጎን ብቻ ነው። በ75/25 ከሞከራችሁት ጥቀርሻ የመሰለ ጥቁር ነገር ታተርፋላችሁ። ስቴንለስ 98 በመቶ አርጎንና 2 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ወይም ሂሊየም የበዛበት የሦስት ጋዝ ድብልቅ ይፈልጋል፤ ስቴንለስ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ ዝገትን የመቋቋም አቅሙን ይቀንሰዋል።

ውጭ፣ ነፋስ ላይ ከሆናችሁ ጋዙን ተዉትና ልባሱ በሽቦው ውስጥ ያለውን፣ ያለ ጋዝ የሚሠራውን ሽቦ ግዙ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አትርሱ፦ ከጋዝ ጋር ባዶ ሽቦ ሲሆን ቶርቹ ፖዘቲቭ ላይ ነው፤ ያለ ጋዝ የሚሠራው ግን በአብዛኛው ቶርቹን ኔጌቲቭ ላይ ይፈልጋል። ማሽኑን ስትከፍቱ በሩ ውስጥ ሥዕሉ ተለጥፏል።

ፍሰቱ፣ ወይም ትልቁ ስሕተቴ

ቤት ውስጥ፣ ነፋስ በሌለበት፣ ከ20 እስከ 25 ኪዩቢክ ጫማ በሰዓት ይበቃል። በሊትር ለምትለኩ በ0.47 አባዙት፤ ከ9 እስከ 12 ሊትር በደቂቃ መሆኑ ነው። በያጆች የሚጠቀሙበት ቀላል ዘዴም አለ፦ የኖዝሉ የውስጥ ስፋት በሚሊሜትር ስንት ከሆነ፣ በደቂቃ ያን ያህል ሊትር። የእኔ ኖዝል 12.7 ሚሊሜትር ነው፣ ስለዚህ 12 ገደማ።

ታዲያ 45 ላይ ሳደርሰው ለምን ባሰበት? ቧንቧ በቀስታ ስትከፍቱ ውኃው እንደ ብርጭቆ ጠርቶ ይወርዳል፤ አብዝታችሁ ስትከፍቱት ይረበሻል፣ ነጭ ይሆናል። ነጭ የሚያደርገው የገባበት አየር ነው። ጋዙም እንደዚያው ነው። ከልክ ሲያልፍ ከኖዝሉ ሲወጣ ይሽከረከርና ዙሪያውን ያለውን አየር ጎትቶ ወደ ቀለጠው ብረት ያስገባዋል። አየር እንዳይገባ ብዬ የከፈትኩት ጋዝ ራሱ አየር አስገባ። ብዙ ጋዝ የተሻለ መከለያ ይመስላል፣ አይደለም።

ግን በ25ም ቀዳዳ ነበረኝ። ያኔ ጋራዥ ውስጥ ዕድሜውን የጨረሰ፣ ጋሼ የምለው አንድ ሰው ጋ የብየዳዬን ፎቶ ላክሁለት። የመለሰልኝ በአንድ መስመር ነው፦ «አጠገብህ ነፋስ አለ?»

«ጋሼ፣ በሩ ዝግ ነው» አልኩት።

«በሩን አይደለም የጠየቅሁህ።»

ዞር ብዬ አየሁ። ጋራዡ ስለሚበርድ ከጎኔ ማራገቢያ ያለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አስቀምጫለሁ፤ ቀጥታ እጄ ላይ ይነፍሳል። በሰከንድ 2 ሜትር ገደማ የሚነፍስ አየር፣ ማለትም በዝግታ ስንሮጥ ፊታችን ላይ የሚሰማን ያህል፣ መከለያውን ለመበተን ይበቃዋል። ማሞቂያውን አጠፋሁ፣ ፍሰቱን ወደ 25 መለስኩ፣ ቁራጭ ላይ ሞከርኩ። ትልልቁ ቀዳዳ ጠፋ። ነገር ግን እዚህም እዚያም የመርፌ ቀዳዳ የመሰለ ቀርቷል።

ፕሮግራመር የሆናችሁ ይህን ስሜት ታውቁታላችሁ፤ ባጉን አገኘሁት ብላችሁ ኮዱን ከላካችሁ በኋላ ሌላ ባግ ከሥሩ ብቅ ይላል። አንዱ ሌላውን ሸፍኖት ነበር። ከዚያ በኋላ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር ጀመርኩ፤ እያንዳንዱን ቁራጭ ቁጥር እየጻፍኩበት። ብረቱን አጸዳሁ። ቱቦላሬ ከፋብሪካ ሲመጣ ዘይትና ጥቁር ቅርፊት አለው፤ እስኪያበራ ድረስ መፈግፈግ ያስፈልጋል። ኖዝሉ ውስጥ የተጠራቀመውን ፍንጣሪ ጠረግኩ፤ እሱም ጋዙን ወደ አንድ ጎን ያጣምመዋል። የሽቦው መውጫ ከብረቱ 10 ሚሊሜትር ገደማ መራቁን አረጋገጥኩ። ቶርቹን ከ15 ዲግሪ በላይ አላጋደልኩም። አሁንም የመርፌ ቀዳዳ።

በመጨረሻ ኖዝሉ ጫፍ ላይ የሚሰካ የፍሰት መለኪያ ገዛሁ። ውስጧ ኳስ ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ ናት፣ የአንድ ምሳ ዋጋ አታወጣም። ሬጉሌተሩ 25 ይላል። ኖዝሉ ላይ 14!

ሰርቨሩ 200 ብሎ ሲመልስ ተጠቃሚው ግን ባዶ ገጽ የሚያይበትን ቀን አስታወሰኝ። እኔ ስለካ የነበረው የተላከውን እንጂ የደረሰውን አልነበረም። ቶርቹ ማሽኑ ላይ የሚሰካበት ቦታ ላይ ሁለት ጎማ ቀለበቶች አሉ፤ አንዱ ደርቆ ተሰንጥቋል። ጋዙ ማሽኑ ሆድ ውስጥ እየወጣ ነበር፤ የማሽኑ ማቀዝቀዣ ስለሚጮኽ ፉጨቱን አልሰማሁትም። ቀለበቶቹን ቀየርኩ፣ ኖዝሉ ላይ 24 ሆነ፣ ቀዳዳው ጠፋ።

እንደ እኔ ለመለካት ስትፈልጉ ሽቦውን የሚገፋውን ሮለር አላሉና ማስነሻውን ተጫኑ፤ ሽቦው ሳይወጣ ጋዙ ብቻ ይወጣል። በዚህ ጊዜም ሽቦው ኤሌክትሪክ አለበትና ብረት እንዳይነካ። ሌሎቹን መጋጠሚያዎች በሳሙና ውኃ ቀቡ፤ አረፋ ካለ ያፈስሳል።

ስለ መለኪያዎቹ ጥቂት ልበል። ሁለት ዓይነት አለ። ባለ ኳሱ ፍሰቱን በቀጥታ ያሳያል። ባለ ሰዓቱ ግን የሚለካው ግፊት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለችው ጠባብ ቀዳዳ ንጹሕ ናት ብሎ አስልቶ ነው ፍሰት የሚነግራችሁ። ቀዳዳዋ በቆሻሻ ብትደፈን ሰዓቱ እዚያው ይቆማል፣ ጋዝ ግን የለም። ባለ ኳሱም ቢሆን የተሠራው ለአንድ ጋዝ ነው። በአርጎን መስመር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብታነቡ ልዩነቱ 5 በመቶ ገደማ ስለሆነ ግድ የለም፤ ሂሊየም ብታነቡ ግን ትክክለኛው ፍሰት ከምታዩት ሦስት እጥፍ ይሆናል፣ ሂሊየም ከአርጎን አሥር እጥፍ ስለሚቀል።

ሲሊንደሩ ስንት ሰዓት ይሄዳል?

ይህችን በፓይተን አምስት መስመር ጻፍኳት፣ ግን በጭንቅላትም ትሰላለች። የእኔ ሲሊንደር 80 ኪዩቢክ ጫማ ነው። በ25 ሲካፈል 3 ሰዓት ከ12 ደቂቃ። ማስነሻው የተጫነበት ጊዜ ብቻ ስለሚቆጠር ይህ ለቤት ሰው ብዙ ቅዳሜ ነው። አውሮፓና ገልፍ ያላችሁ የሲሊንደሩን ሊትር በግፊቱ አባዙ፦ 10 ሊትር በ200 ባር 2,000 ሊትር ገደማ ጋዝ ይሆናል፤ በደቂቃ 12 ከወሰዳችሁ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል። ግፊቱ ግማሽ ሲሆን ጋዙም ግማሽ ነው።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ ይህ ስሌት አይሠራም። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ሰዓቱ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 57 ባር አካባቢ ቆሞ ይጠብቃችኋልና «ሙሉ ነው» ስትሉ ድንገት ያልቃል። በሚዛን ነው የሚታወቀው፤ 1 ኪሎ 540 ሊትር ያህል ጋዝ ይሰጣል።

ሥራ ስትጨርሱ የሲሊንደሩን ቫልቭ ዝጉ። በሰዓት 2 ኪዩቢክ ጫማ ብቻ የምታፈስስ መጋጠሚያ የእኔን ሲሊንደር በ40 ሰዓት ትጨርሰዋለች፤ ዓርብ ማታ የረሳሁት እሑድ ከቀትር በፊት ባዶ ነው ማለት ነው። ይህን ምሳሌ ከየት እንዳመጣሁት አትጠይቁኝ።

ከመጀመራችሁ በፊት የምለምናችሁ

ብየዳችሁ ቢበላሽ ትቆርጡታላችሁ። እነዚህ ግን ቆርጠው የማይጥሏቸው ናቸው።

ብረት ለማጽዳት የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ አትጠቀሙ። ክሎሪን ያለበት ዓይነት በአርኩ ጨረርና ሙቀት ፎስጂን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይሆናል፤ በጥቂቱም ሳንባ ይጎዳል፣ ሕመሙም ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። አሴቶን ተጠቀሙ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ ጣሳውን አርቁ።

አርጎን ሽታ የለውም፣ ከአየር 1.4 እጥፍ ገደማ ይከብዳል፤ ዝቅ ባለና በታፈነ ቦታ ተጠራቅሞ ኦክስጅኑን ያስወጣል። ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ጥቂት ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል፤ እሱ ምን እንደሆነ በከሰል ያደገ ሰው ያውቃል። የጋራዡን በር ከፈት አድርጉ፣ ማራገቢያው ከእናንተ ርቆ አየሩን ወደ ውጭ ይግፋ። ዚንክ የተቀባ ብረት ከሆነ ዚንኩን ፈግፍጋችሁ አንሡ፣ ማስክም አድርጉ።

ሲሊንደሩ ቆሞ በሰንሰለት ይታሰር። ሲጓጓዝ ቆቡ ይደረግበት፤ አንገቱ ቢሰበር ውስጡ ያለው ግፊት እንደ ሮኬት ያስወነጭፈዋል። ስትከፍቱት ከሬጉሌተሩ ፊት ለፊት አትቁሙ፣ ጎን ሁኑ፣ መጀመሪያ በቀስታ። የፀሐይ መነጽር ደግሞ ጭምብል አይደለም፤ አገር ቤት ስንት በያጅ ሌሊቱን ዓይኑ አሸዋ የገባበት ያህል እየቆጠቆጠው እንደሚያድር እናውቃለን።

በመጨረሻ ለመደገፊያው የተጠቀምኩት ይህ ነው፦ 0.8 ሚሊሜትር ኢአር70ኤስ-6 ሽቦ፣ 75/25 ጋዝ፣ ኖዝሉ ላይ የተለካ 24 ኪዩቢክ ጫማ በሰዓት፣ 18 ቮልት ገደማ፣ ሽቦው በደቂቃ 6 ሜትር ያህል፣ ብረቱ 3 ሚሊሜትር ግድግዳ ያለው ቱቦላሬ። የእናንተ ማሽን ሌላ ቁጥር ይወድ ይሆናል፤ በሩ ውስጥ ካለው ሠንጠረዥ ጀምሩ። እያንዳንዱን ብየዳ ስጨርስ ቶርቹን ሳላነሣ ሁለት ሰከንድ እዚያው አቆየዋለሁ፣ የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትረጋ ጋዙ እንዲሸፍናት።

መጀመሪያ ቁራጭ በየድኩና ሞርሳ ላይ መታሁት። ብረቱ ታጠፈ እንጂ ብየዳው አልለቀቀም። መደገፊያውን ከተከልኩ በኋላ እኔ ራሴ በሙሉ ክብደቴ ተንጠለጠልኩበት፣ ከዚያ እኔና ጎረቤቴ አብረን። እናቴ በመጣች በሦስተኛው ቀን ይዛው ስትወርድ ቆም አለችና ለምን ጥቁር ቀለም እንደቀባሁት ጠየቀችኝ። አረንጓዴ ይሻለው ነበር አለች።